ሬዲዮዎን ከድንጋይ ለማላቀቅ ለሚያስቡ

ቤትዎ ውስጥ በሦስት ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ካለ፣ ድንጋዩም ቶሎ ቶሎ እየደከመ ሱቅ የሚያመላልስዎ ከሆነ፣ አንድ ቀን ውስጡ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ለመቅበር ማሰብዎ አይቀርም። ያስቡ። እኔም አስቤ፣ ሁለት ቦርድ አቃጥዬ፣ የሳሎኑን ጠረጴዛ በካውያ ጠብሼ፣ ከአባቴ ጋር ሁለት ሳምንት ተኮራርፌ ሥራውን ዳር አድርሼዋለሁ። ስለዚህ ለመምከር ሙሉ ሥልጣን አለኝ።

ከሁሉ በፊት ለሬዲዮው ባለቤት አስቀድመው አይንገሩ። አባቴን ፈቃድ ጠይቄያቸው ቢሆን ኖሮ እምቢ ይሉ ነበር፤ ምክንያቱም ድንጋይን የሚያስተዳድሩበት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ሲደክም አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። በርበሬ በተሰጣበት ሰፌድ ጥግ ሦስት ድንጋይ ተጋድሞ ያላየ የሠፈራችን ልጅ የለም። ፀሐይ ያልፈወሰውን ደግሞ በመንጋጋቸው ነከስ ያደርጉታል። መንጋጋውን ለእሳቸው ልተወውና፣ ፀሐዩስ እውነት አለው፤ የደከመ ድንጋይ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኬሚካል ትንሽ ይነቃቃል፤ ለአንድ ምሽት ዜና የሚበቃ ነፍስ ይዘራል።

ይህ ልማድ ወደ አዲሱ ባትሪ እንዳይሻገር ግን አደራ። ሊቲየም ባትሪ ውስጥ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን የሚለያቸው እንደ ፌስታል የሳሳ ሽፋን ነው። ምስማር የበሳው ወይም ጥርስ ያጎደጎደው እንደሆነ ውስጥ ለውስጥ ኮንታክት ይሆናል፤ ከዚያ የሚወጣው ዜና ሳይሆን እሳት ነው። ማስጣቱም ይቅርብዎ፤ ባትሪው ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳለ ቻርጅ አይደረግም። ከዜሮ በታችም እንደዚሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ በሚያድርበት በረንዳ ቻርጅ የሚያደርጉ ካሉ ወደ ቤት ያስገቡት፤ በብርድ ጊዜ ሊቲየሙ ወደ ቦታው ዘልቆ መግባት ያቅተውና ላይ ላዩን ብረት ሆኖ ይለጠፋል፤ የተለጠፈውም አብዛኛው አይመለስም።

ደስ የሚለው፣ ሒሳቡ ይገጥማል። ሦስት አዲስ ድንጋይ አንድ ላይ 4.5 ቮልት ይሰጣል። እያንዳንዱ ወርዶ ወርዶ 1 ቮልት ገደማ ሲደርስ አባቴ «ሞተ» ይሉታል፤ ሦስቱ ተደምረው 3 ቮልት መሆናቸው ነው። አንድ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ጠግቦ 4.2፣ ተርቦ 3 ቮልት ነው። ሬዲዮው ልዩነቱን አያውቅም። በዚህ ሁሉ ሥራ ሳልጨቃጨቀው የገጠመልኝ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ባትሪውን ከቆራሌው ያገኙታል። የላፕቶፕ ባትሪ ሞተ ተብሎ ሲጣል ብዙ ጊዜ ሁሉም አይሞትም፤ ውስጡ ካሉት ስድስት ሲሊንደሮች አንዱ ወይም ሁለቱ ሲደክሙ የቀሩት አብረው ይቀበራሉ። እያንዳንዱ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ ስሙም ከዚሁ ወጥቶ 18650 ይባላል። ቅርፊቱን ሲከፍቱ ካቻቢቴ ወደ ውስጥ አይስደዱ። እያንዳንዱን በቴስተር ይለኩ፤ ከ2 ቮልት በታች የወረደውን ለማዳን አይድከሙ። አዲስ መግዛት ከመረጡ ደግሞ 9900 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ጽሑፍ የለበሰ ባትሪ ይቀርብልዎታል። በዚህ መጠን ባትሪ የሚሠሩ ስመ ጥር ፋብሪካዎች 3500 አካባቢ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ስለዚህ 9900 ያለው ሰውዬ ወይ የኖቤል ሽልማት ይገባዋል፣ ወይ ጽሑፍ ማተሚያ ብቻ ነው ያለው። መለያው ቀላል ነው። እውነተኛው 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ይቀላል። የወርቅ ሚዛን የተሻለ ነው፤ ወርቅ ቤት ገብተው «ይህን ይመዝኑልኝ» ሲሉ የሚያዩዎትን ዐይን ግን መቻል አለብዎ።

ቀጥሎ የቻርጅ ቦርዱ። ቲፒ 4056 የሚባል ቺፕ የተቀመጠበት፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። በስልክ ቻርጀር ይሠራል፤ እየሞላ ሲሆን ቀይ፣ ሲሞላ ሰማያዊ መብራት ያበራል። ይህ ቦርድ መንታ ወንድም አለው። አንደኛው አንድ ቺፕና አራት የገመድ ቦታ ብቻ ሲኖረው፣ ሌላኛው ሦስት ቺፕና ስድስት የገመድ ቦታ አለው። የሁለተኛው ትርፍ ቺፖች ዘበኞች ናቸው፤ ባትሪው 2.4 ቮልት አካባቢ ሲወርድ ይዘጋሉ፣ ኮንታክት ሲፈጠርም ይቆርጣሉ። ሻጩ «ያው ነው» ይልዎታል። ያው አይደለም።

ድንጋይ ገልብጠው ቢከቱ ሬዲዮው ዝም ይላል እንጂ አይቀየምም። ይህ ቦርድ ግን ይቀየማል። ቀይ ገመድ አልቆብኝ ሁለቱንም በጥቁር የሠራሁ ዕለት ባትሪውን ገልብጬ ገጠምኩት፤ ቺፑ «ጭስስ» አለና አንዲት ቀጭን ጭስ ለቆ አረፈ። ሽታው መጋረጃው ላይ ሁለት ቀን ሰነበተ፤ እናቴ ዕጣን አጨሱበት። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን ቦርድ በዚያው በጥቁር ገመድ ገጠምኩ። ውጤቱን ልንገርዎ? ዕጣን ነው። ስለዚህ ሁለት ቀለም ገመድ ይግዙ። ካውያውንም በቀጥታ ባትሪው ላይ አያሳርፉ፤ ሙቀት ስለማይወድ ሽቦ ስፕሪንግ ያለው ማቀፊያ ይግዙለትና ሊዱን ማቀፊያው ላይ ያንጠባጥቡ።

አሁን ወደ አመጋገቡ እንምጣ፤ እዚህ ላይ አስተዳደጋችን ሊያሳስተን ይችላል። እኛ ቤት እንግዳ «በቃኝ» ሲል ምግቡ ገና መጀመሩ ነው። «በሞቴ» ይባላል፣ ጉርሻው ይከተላል፣ እንግዳውም «በቃኝ» ያለው ለይሉኝታ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የመኪና ባትሪ የዚህ አገር እንግዳ ነው፤ ከሞላም በኋላ ጥቂት ጥቂት እያጎረሱ ለሳምንታት ቢያቆዩት ቅር አይለውም። ሊቲየም ግን 4.2 ቮልት ላይ «በቃኝ» ካለ የምሩን ነው። የአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ «በሞቴ» ቢጨምሩበት ዕድሜው ያጥራል፤ ከዚያም ካለፉ ያብጣል፤ ከዚያም ካለፉ እሳት አደጋ ያስጠራል።

ቦርዱ ይህን ወግ ያውቀዋል። ክፉኛ የተራበውን፣ ከ2.9 ቮልት በታች የወረደውን፣ በመጀመሪያ በትንሽ አምፒር እንደ አጥሚት ያቀምሰዋል። ነፍስ ሲዘራ ሙሉውን ጉርሻ ይለቅበታል፤ 1 አምፒር ሳያቋርጥ። 4.2 ቮልት ሲደርስ እጁን ሰብሰብ ያደርግና ቮልቴጁን እዚያው ይዞ ጉርሻውን እያሳነሰ ይሄዳል። ጉርሻው ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ ሲሆን ማዕዱ ይነሣል፤ ሰማያዊው መብራት ይበራል።

ለዚህ ባትሪ መሠረት የሆነውን የኮባልት ኦክሳይድ ሥራ በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ ያደረጉት ሳይንቲስት ጆን ጉድኢናፍ ናቸው፤ የአባታቸው ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «በቂ ነው» ማለት ነው። ከእንግዳችን ባሕርይ ጋር ይህን ያህል የሚገጥም ስም ፈልጎ ማውጣት ለአባቴ የክርስትና አባት እንኳ ይከብዳቸዋል። ሶኒ ባትሪውን ለገበያ ያቀረበው በ1991 ነው። ጉድኢናፍ ግን ከስታንሊ ዊቲንግሃምና ከአኪራ ዮሺኖ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት በ2019፣ በ97 ዓመታቸው ነው። በዚያ ዕድሜ ኖቤል የተቀበለ ሌላ ሰው የለም። እርስዎም ሥራዎ ቶሎ ካልተመሰገነ አይከፉ።

የጉርሻውን መጠን የምትወስነው «122» ተብሎ የተጻፈባት፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ሬዚስተር ናት። 1200 ኦም ማለት ነው። 1200ን በሬዚስተሯ ኦም ሲያካፍሉ አምፒሩ ይወጣል፤ በ2400 ቢተኳት ግማሽ አምፒር ይሆናል። ለ500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ትንሽ ባትሪ ሙሉውን 1 አምፒር መልቀቅ ሕፃንን በአዋቂ ጉርሻ ማነቅ ነው፤ ከቆራሌ ለተገዛ አዛውንትም ግማሹ ይሻላል ብዬ ቀየርኳት። ሲቀይሩ አያስነጥሱ፤ ምንጣፍ ውስጥ ከገባች የለችም።

በመቀየሬም አዲስ ጣጣ ገዛሁ። አባቴ ቻርጅ እየተደረገም ሬዲዮውን አያጠፉትም። ቦርዱ ደግሞ ባትሪው የበላውንና ሬዲዮው የበላውን አይለይም፤ የሚያየው ከእጁ የወጣውን ጠቅላላ ጉርሻ ነው። ከእንግዳው ጎን የተቀመጠ ልጅ ከትሪው እያነሣ ሲበላ አስተናጋጁ «እንግዳው ገና አልጠገበም» ብሎ ማጉረሱን እንደሚቀጥለው ማለት ነው። ጉርሻውን ወደ ግማሽ አምፒር ሳወርደው ማቆሚያውም አብሮ ወደ 50 ሚሊ አምፒር ወረደ፤ የአባቴ ሬዲዮ ደግሞ ብቻውን 60 ይጠጣል። ሰማያዊው መብራት ሳይበራ ነጋ። የጠገበውን እንግዳ ሌሊቱን ሙሉ 4.2 ላይ ወጥረን አሳደርነው።

መድኃኒቱ ሁለት ማዕድ መዘርጋት ነው። አንድ ሾትኪ ዳዮድ፣ አንድ ፒ ቻናል ሞስፌትና አንድ ሬዚስተር ይበቃሉ፤ ቻርጀሩ ሲሰካ ሬዲዮው በዳዮዱ በኩል በቀጥታ ከቻርጀሩ ይበላል፣ ሞስፌቱም የባትሪውን በር ዘግቶ ባትሪው ለብቻው እንዲመገብ ያደርጋል። ቻርጀሩ ሲነቀል ወይም መብራት ሲሄድ በሩ ይከፈታል፤ ዜናው አይቋረጥም። ሌላም መንገድ አለ፤ ቻርጅ ሲደረግ ሬዲዮውን ማጥፋት። ይህኛው ምክር ነፃ ስለሆነ አባቴ አልተቀበሉትም።

እስካሁን ያወራነው ቀላሉን ነው። ባትሪን ማብላት ማንም ያበላል፤ «ስንት ቀረህ?» ብሎ እውነቱን ማውጣት ነው ችግሩ። ባትሪን ይህን መጠየቅ አንድን ሽማግሌ «እንዴት ነዎት?» ብሎ ከመጠየቅ አይለይም። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። ወገባቸውን ታስረው ከርመው፣ ትናንት ሐኪም ቤት አድረው፣ ዛሬም «ደህና»። ሊቲየምም ከ4.2 ቶሎ ዝቅ ይልና ከ3.9 እስከ 3.6 ቮልት ባለው ሜዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜውን «ደህና ነኝ» ሲል ይቆያል። ከሜዳው ማዶ ገደል ነው። 70 ከመቶ ባለውና 40 ከመቶ በቀረው ባትሪ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ ብዙም አይዘልም፤ ርካሽ ቴስተር ደግሞ ጥቂት በራሱ ይሳሳታል። 15 ከመቶ እያለ ድርግም ያለብዎትን ስልክ ያስታውሱ፤ እሱ እንኳ ለዚሁ ሥራ የተቀጠረ ልዩ ቺፕ አለው።

እኔ ግን ቮልቴጅ አይተው የሚበሩ አራት አረንጓዴ መብራቶች ገዛሁ። አራቱ ሲበሩ ሙሉ፣ ሦስቱ ሲበሩ ሩብ ጎደል፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። የሬዲዮውን ፊት በስቼ ደረደርኳቸው፤ ያምራሉ። የመጀመሪያው ማታ አባቴ ወንበራቸውን አስጠግተው መነጽራቸውን አደረጉ። ሦስት መብራት በርቷል። የማታው ዜና ሲጀምር ድምፁን ከፍ አደረጉ፤ ሦስተኛው መብራት ጠፋ። ቀነሱት፤ በራ። ከፍ አደረጉ፤ ጠፋ። ይህን አምስት ስድስት ጊዜ ከደጋገሙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኸውልህ፣ ድምፁን ስቀንሰው ይሞላል። ያ ቻርጀር ታዲያ ለምን አስፈለገ?»

እንዳልሞላ አስረዳኋቸው። ባትሪ በውስጡ የራሱ መሰናክል አለው፤ ያረጀው ይብስበታል። ሬዲዮው ብዙ ሲስብ ከቮልቴጁ ጥቂቱ እዚያ መሰናክል ላይ ይቀራል፤ ረገብ ሲል ይመለሳል። ሸክም የተሸከመ ሰው ጎንበስ ሲል ቁመቱ አጠረ አይባልም፤ እንዲያ ነው አልኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያም ድምፁን ሦስተኛው መብራት እስኪበራ ድረስ ቀንሰው ተዉት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቤተሰቡ በሙሉ ዜና የሚሰማው ሬዲዮው ላይ ጆሮውን ደፍቶ ሆነ። እርስዎ እንዲህ ያለ ማሳያ ካስገቡ፣ ቮልቴጁን የሚለካው ሬዲዮው ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ይሁን፤ እንግዳን እየሮጠ ሳለ ደህንነቱን አይጠይቁት።

የባሰው ገና ነበር። አባቴ ለዘመድ ለቅሶ ወደ ክፍለ ሀገር ወርደው በአምስተኛው ቀን ሲመለሱ ሬዲዮው ጭጭ ብሎ ጠበቃቸው። ማንም አልከፈተውም። የበሉት መብራቶቹ ናቸው። እያንዳንዱ 5 ሚሊ አምፒር፣ አራቱ 20። ባትሪው 2000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፤ ለሃያ ሲያካፍሉት 100 ሰዓት፣ አራት ቀን ከአራት ሰዓት ይመጣል። ጎተራ እንዲጠብቅ የቀጠርኩት ዘበኛ እህሉን በልቶ ጨርሷል። አባቴ በፀሐይ አስጥተው ድንጋይ ማስነሣት ይችሉ እንደነበር፣ አሁን ግን ልጃቸው ያንንም እንደከለከላቸው ለጎረቤት ተናገሩ። ሁለት ሳምንት የተኮራረፍነው በዚህ ነው።

ስለዚህ መብራቶቹ ላይ ተጭነው የሚያዩት ቁልፍ ያስገቡ፤ ሲለቁት ይጥፉ። ቮልቴጁን በትንሽ ኮምፒውተር የሚለኩም ቢሆን ይጠንቀቁ። ቮልቴጁን ለሁለት ለመክፈል ሁለት የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ ባትሪው ሞልቶ ሳለ በቀን 5፣ በወር 150 ሚሊ አምፒር ሰዓት በከንቱ ይፈስሳል። በሁለት የ100 ኪሎ ኦም ቢተኩት በወር 15 ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ የአሥር እጥፍ ነው፤ የሬዚስተሩ ዋጋ ግን ያው ነው።

«እኔ እውነቱን ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚሉ ከሆነ የሱቅ ዱቤ ደብተር ዘዴ አለልዎ። ባትሪው መንገድ ላይ አንዲት የ0.1 ኦም ሬዚስተር ያስቀምጣሉ። 60 ሚሊ አምፒር ሲያልፍባት 6 ሚሊ ቮልት ትጥላለች፤ አይኤንኤ 219 የሚባል ቺፕ ያቺን አንብቦ ይናገራል፤ ትንሿ ኮምፒውተርም የገባውንና የወጣውን እየጻፈች ትደምራለች። እንደ ማንኛውም ዱቤ ደብተር በየዕለቱ አንድ ሁለት ሳንቲም ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ይጠራቀማል። ሰማያዊው መብራት ሲበራ የወር መጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ «ሙሉ» ተብሎ ሒሳቡ ካልታረቀ ደብተሩ ልብ ወለድ ይሆናል። እኔ ለዚህ የተጠቀምኩባት አርዱይኖ ናኖ ካላስተኟት ብቻዋን 20 ሚሊ አምፒር ገደማ ትበላለች። 60 ለሚጠጣ ሬዲዮ የሬዲዮውን ሲሶ የሚበላ ጸሐፊ መቅጠር ማለት ነው። ሦስት ቀን ሠርታ አሰናበትኳት።

የታረቅነው በደብተርም በመብራትም አይደለም። አባቴ ከግድግዳው ካላንደር ፊት ቆመው ጥቂት አሰቡና ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እንደሚሰኩት፣ እሑድ ጠዋት እንደሚነቅሉት አስታወቁ። ማን እንደነገራቸው ጠየቅኋቸው። «ጾምም እኮ በካላንደር ነው፤ ሆድ እየታየ አይደለም» አሉኝ። ጓዳ ገብቼ አሰላሁት። በቀን አራት ሰዓት ያዳምጣሉ፤ 60 በ4፣ 240። 2000ን ለ240፣ ስምንት ቀን ከምናምን።

አራቱን አረንጓዴ መብራቶች ነቅዬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ሬዲዮው ፊት ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች እናቴ በናስትሮ ሸፍነውልናል። መብራቶቹን ለሚፈልግ በነፃ እሰጣለሁ። ቁልፉን ግን ራስዎ ይግዙ።